ወለል ላይ የቀረው ጓንት፦ የአሽፎርድና የቶርንተን ክርክር (1817–1819)

ኖቬምበር 17 ቀን 1817 አብርሃም ቶርንተን የተባለ ወጣት በነፍስ ግድያ ተከሶ ለንደን ውስጥ በዌስትሚንስተር አዳራሽ በተሰየመው የንጉሥ ችሎት ፊት ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክሱ ተነብቦለት መልሱን ሲጠየቅ፣ ጥፋተኛ አለመሆኑንና ይህንንም በገዛ ሰውነቱ ለመከላከል ዝግጁ መሆኑን ተናገረ። ከዚያም ከአንድ ጥንድ ጓንት አንዱን በእጁ አጥልቆ ሌላውን በችሎቱ ወለል ላይ ወረወረው። ከሳሹ ዊልያም አሽፎርድ ያን ጓንት ቢያነሣ ኖሮ፣ በእንፋሎት ሞተር፣ በጋዜጣና በፓርላማ ዘመን በምትኖረው እንግሊዝ ሁለት ሰዎች በዳኞች ፊት በዱላ ተደባድበው የነፍስ ግድያ ክስ እልባት ያገኝ ነበር።

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደ አስገራሚ ወሬ ይተረካል። እኔ የማየው ግን በሌላ በኩል ነው፤ አንድ የሕግ ቃል የበቀለበት ድንጋጌ ሳይሻር ዘመኑ ብቻ ጥሎት ሲሄድ ቃሉ እንደ ተቀበረ ይቆጠራል እንጂ አይሞትም፤ የሚያስፈልገው ሰው በተነሣ ዕለት ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይነሣል። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለበት። በመዝገቡ ላይ የዊልያም አሽፎርድ ክስ «አፒል» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉን ዛሬ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያለ ማመንታት «ይግባኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እንዲህ የተረጎመ ሰው ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጉዳዩን ይስታል፤ ምክንያቱም በዚህ መዝገብ ውስጥ አንድም ይግባኝ የለም።

የነገሩ አመጣጥ

ሜሪ አሽፎርድ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ከበርሚንግሃም ከተማ ወጣ ብሎ ላንግሊ ሂዝ በተባለ ቦታ በአጎቷ ቤት እያገለገለች ትኖር ነበር። ሜይ 26 ቀን 1817 የጰንጠቆስጤ ሰኞ በመሆኑ በኤርዲንግተን አቅራቢያ በአንድ መጠጥ ቤት ጭፈራ ተደርጎ ነበር። ሜሪ ወደ ጭፈራው የሄደችው የሥራ ልብሷን በጓደኛዋ በሐና ኮክስ ቤት አስቀምጣ፣ የበዓል ልብሷን ለብሳ ነው። የካስል ብሮሚች ግንበኛ ልጅ የሆነው ቶርንተን እዚያ አገኛትና እኩለ ሌሊት ገደማ አብረው ወጡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ሜሪ ብቻዋን ወደ ሐና ቤት ተመልሳ የሥራ ልብሷን ቀየረች፤ የበዓል ልብሷን ጠቅልላ ይዛም ወደ አጎቷ ቤት ጉዞ ጀመረች። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ወደ ሥራው የሚሄድ ሠራተኛ በመንገዱ ዳር ባለ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ጥቅሉን፣ ባርኔጣዋንና ጫማዋን አየ። ሬሳዋ ከውኃው ወጣ።

በአቅራቢያው አዲስ በተለሰለሰው እርሻ ላይ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ዱካ ተገኘ፤ የወንዱ ዱካ ከቶርንተን ጫማ ጋር ተመሳከረ። ቶርንተን ሌሊቱን ከእርሷ ጋር እንዳሳለፈና አብሯት እንደተኛ አልካደም፤ የሆነው ሁሉ ግን በፈቃዷ እንደ ነበረ፣ ከዚያ በኋላም ዳግም እንዳላያት ተናገረ።

ክርክሩን የወሰነው የሰዓት ጉዳይ ነው። በሐና ቤት ያለው የግድግዳ ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ወደ 40 ደቂቃ ያህል ይቀድም ስለ ነበር፣ ምስክሮች የተናገሩት ሰዓት ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሰላ የግድ ሆነ። በስሌቱ መሠረት ሜሪ ከዚያ ቤት የወጣችው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ወተት ሻጭና ሚስቱን ጨምሮ በርካታ ምስክሮች ደግሞ ቶርንተንን 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ከጉድጓዱ ከአንድ ማይል በላይ በሚርቅ እርሻ አጠገብ ቀስ ብሎ ሲራመድ እንዳዩት ቃላቸውን ሰጡ። ሜሪ ጉድጓዱ ድረስ ተጉዛ፣ ድርጊቱ ተፈጽሞ፣ ተከሳሹም እዚያ ሊደርስ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚቻል አልነበረም። ኦገስት 8 ቀን 1817 በዋሪክ ከተማ በዋለው ተዘዋዋሪ ችሎት ዳኛ ሆልሮይድ ማስረጃውን ዘርዝረው ለሸንጎው (በእንግሊዝኛ «ጁሪ» ለሚባለው፣ ከተራ ሰዎች ለተውጣጣው የፈራጆች ጉባኤ) ካስረዱ በኋላ፣ ሸንጎው 6 ደቂቃ ያህል ብቻ ተማክሮ ቶርንተንን በነጻ አሰናበተው።

የአካባቢው ሕዝብ ግን ልጁ ገዳይ ነው ብሎ አምኗል። በንጉሡ ስም የቀረበው ክስ ተዘግቷል፤ በንጉሡ ስም ሁለተኛ ክስ ማቅረብም አይቻልም። በዚህ ጊዜ ነው አንድ የበርሚንግሃም የሕግ ባለሙያ ለሟች ወንድም በሌላ በር መግባት እንደሚቻል ያስታወሰው።

ይግባኝ ያልሆነው «አፒል»

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሕግ «አፒል» ማለት አንድ ግለሰብ ሌላውን ግለሰብ በወንጀል በራሱ ስም መክሰሱ ነው። የነፍስ ግድያ ሲሆን ደግሞ ከሳሹ የሟች ቤተ ሰብ ነው። ለዚህ ሰው አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ቃል አለው፤ ባለ ደም እንለዋለን። በአገራችን በቀደመው ዘመን ገዳይ ተፈርዶበት ለሟች ዘመዶች ይሰጥ፣ ባለ ደሙም ወይ ደሙን ይበቀል ወይ ካሣ ተቀብሎ ይምር እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ የዚህን የእንግሊዝ ክስ ጠባይ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በባለ ደም ክስ የተፈረደበትን ሰው ንጉሡ እንኳ ሊምረው አይችልም ነበር፤ ምሕረቱ የንጉሡ አልነበረምና። ባለ ደሙ ግን በገንዘብም ሆነ በሌላ ምክንያት ክሱን ሊተው ይችል ነበር።

በዚህ የክስ ዓይነት ላይ ተደራርበው የወጡ ሦስት ድንጋጌዎች በዊልያም አሽፎርድ ጉዳይ አንድ ላይ ሠርተዋል። የመጀመሪያው በ1215 የወጣው ማግና ካርታ ነው፤ በአንቀጽ 54 ሴት የምትከስበት ግድያ የባሏ ካልሆነ በቀር ማንም በሴት ክስ እንዳይያዝ ይከለክላል። ስለዚህ የሜሪ እናትም ሆነች እህት ቢነሡ ሕጉ አይሰማቸውም ነበር። ክሱ ወደ ሟች ወራሽ ይሄዳል፤ በጊዜው የርስት ሕግ ደግሞ ወላጅ ልጁን አይወርስም ነበር፤ ይህ እስከ 1833 ጸንቶ ቆይቷል። ባለ ደሙ አባት ሳይሆን ታላቅ ወንድም የሆነው ስለዚህ ነው። አንድ የርስት ደንብ በነፍስ ግድያ ክርክር ማን እንደሚቆም ሲወስን ማየት፣ የዚያን ዘመን ሕግ ክፍሎች ምን ያህል የተጠላለፉ እንደ ነበሩ በግልጽ ያሳያል።

ሁለተኛው የ1278 የግሎስተር ድንጋጌ ነው፤ ክሱ ግድያው ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ እስከ ቀረበ ድረስ ወዲያው አልተከተልክም ተብሎ ውድቅ እንዳይደረግ ይደነግጋል። ሜሪ በሜይ መጨረሻ ሞታ የክሱ ማዘዣ በኦክቶበር ስለ ወጣ ጊዜው ገና አላለፈም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በሄንሪ ሰባተኛ ዘመን በ1487 የወጣው ነው። ከዚያ በፊት የንጉሡ ዐቃቤያነ ሕግ ለባለ ደሙ ቅድሚያ ለመስጠት ዓመት ከአንድ ቀን እስኪያልፍ ክሳቸውን ያዘገዩ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ምስክር ይጠፋል፣ ባለ ደሙ ይደለላል፣ ገዳይ ያመልጣል። ድንጋጌው ንጉሡ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲከስ ፈቀደ። የባለ ደሙ መብት እንዳይጎዳ ግን አንድ ሐረግ ጨመረ፤ ተከሳሹ በንጉሡ ክስ ነጻ ቢወጣ እንኳ ያ ውሳኔ የባለ ደሙን ክስ እንደማያግደው ደነገገ። በዛሬው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 23 በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ መከሰስን ይከለክላል፤ በእንግሊዝም ይህ መርህ ጥንታዊ ነው። ነገር ግን በመርሁ ግድግዳ ላይ በ1487 አንድ ቀዳዳ ተትቶ ነበር፤ ዊልያም አሽፎርድ ከ330 ዓመት በኋላ የገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ቶርንተን በሸሪፉ ተይዞ እንደገና ወደ እስር ቤት ተወሰደ።

የቶርንተን መልስ

የአሽፎርድ ወገን ያልጠበቀው፣ ጥንታዊውን በር የከፈተ ሰው ከበሩ በስተጀርባ ያለውን ሁሉ አብሮ እንደሚቀበል ነው። የባለ ደም ክስ ሙሉ ሥርዓቱን ይዞ ከተመለሰ፣ የተከሳሹም ጥንታዊ መከላከያ አብሮ ይመለሳል። ያ መከላከያ «ዌጀር ኦቭ ባትል» ይባላል፤ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ያስገቡት የፍልሚያ ፍርድ ነው።

ዛሬ «ዌጀር» ማለት ውርርድ ነው። የቃሉ ሥር ግን መያዣ ማስያዝ ማለት ነው፤ ወለል ላይ የወደቀው ጓንትም ያ መያዣ ነበር። በአገራችን የቆየ ሙግት ተሟጋቾች ቃላቸውን ለማጽናት በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ስለ ነበር የቃሉ ሁለት ትርጉሞች ለእኛ እምብዛም አይራራቁም። ልዩነቱ የእንግሊዙ ተከሳሽ የሚያስይዘው ንብረት ሳይሆን ገላው መሆኑ ነው።

የፍልሚያው ደንብ በሕግ መጻሕፍት በዝርዝር ተጽፎ ነበር። ሜዳው በየጎኑ 60 ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ዳኞች ልብሰ መንግሥታቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ተፋላሚዎች በባዶ እግራቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ዱላና የቆዳ ጋሻ ይዘው ይገባሉ፤ በሰውነታቸው ላይ አስማት ወይም ክታብ እንደሌለም ይምላሉ። ፍልሚያው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ከዋክብት እስኪታዩ ይቆያል። ተከሳሹ ከተሸነፈ ወዲያው ይሰቀላል፤ ከዋክብት እስኪወጡ ራሱን ከተከላከለ ወይም ከሳሹን ከገደለ ነጻ ነው። ከሳሹ ደክሞ «ክሬቨን» የሚለውን ቃል ከተናገረ ግን ተሸነፈ ብቻ አይባልም፤ ክብሩን ያጣል፣ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ችሎት ምስክር መሆን ወይም በሸንጎ መቀመጥ አይችልም። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ፈሪ» ለማለት የሚጠቀሙበት ያ ቃል በአንድ ወቅት የዜግነት መብትን የሚያሳጣ የሕግ ቃል ነበር።

ይህን ሥርዓት በሕይወት ያለ ሰው አይቶት አያውቅም። በ1571 በአንድ የመሬት ክርክር በዌስትሚንስተር አቅራቢያ ሜዳ ተዘጋጅቶ፣ ዳኞችና ብዙ ሕዝብ ተሰብስበው፣ ከሳሾቹ ሳይቀርቡ ቀርተው ነገሩ ያለ ፍልሚያ አልቋል። ሆኖም ማንም አልሻረውም። ስለዚህ የአሽፎርድ ጠበቃ ክላርክ ተነሥተው፣ በዚህ የሥልጣኔ ዘመን እህትን የገደለ ሰው ወንድሟንም በመግደል ንጹሕነቱን እንዲያረጋግጥ ከተፈቀደለት እጅግ የሚያስደንቅ እንደሚሆን ሲናገሩ፣ የችሎቱ ፕሬዚዳንት ሎርድ ኤለንቦሮ የመለሱት አጭር ነበር፤ ይህ የእንግሊዝ ሕግ ነው፣ ግድያ ብለን ልንጠራው አይገባም አሉ። ለአሽፎርድ የሚያዝን አንባቢ በዚህ ንግግር ሊከፋ ይችላል፤ እኔ ግን ዳኛው ትክክል እንደ ነበሩ አምናለሁ። ተከሳሹን ለሁለተኛ ጊዜ ያሳሰረው ያው የእንግሊዝ ሕግ ነውና፣ ለከሳሽ ሲጠቅም ሕግ፣ ለተከሳሽ ሲጠቅም አረመኔነት ሊባል አይችልም።

ጭብጡና ውሳኔው

ዊልያም አሽፎርድ ገና ወጣት፣ ሰውነቱም ቀጭን ነበር፤ ቶርንተን ደግሞ ጠንካራና ወፍራም። ስለዚህ የጠበቆቹ ጥረት ሁሉ ፍልሚያውን ማስቀረት ሆነ። ሕጉ አንዳንድ ከሳሾችን ከፍልሚያ ነጻ ያደርግ ነበር፤ ሴቶችን፣ ሕፃናትን፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን፣ አካለ ጎደሎዎችንና ዓይነ ስውራንን፣ ካህናትን፣ መኳንንትን፣ የለንደን ከተማ ባለ መብቶችንም ጭምር። አሽፎርድ ከእነዚህ ከአንዱም አልነበረም። የቀረው አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ተከሳሹ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወይም እስር ቤት ሰብሮ ያመለጠ ከሆነ፣ ወይም ጥፋቱ ለመካድ የማይቻል ያህል ግልጽ ከሆነ፣ ፍልሚያ የመምረጥ መብቱን ያጣል።

የአሽፎርድ ጠበቃ ጆሴፍ ቺቲ በዚህ ላይ ተመሥርተው ዱካውን፣ በልብሷ ላይ የተገኘውን ደምና ሌሎች ሁኔታዎችን ዘርዝረው አቀረቡ። በሌላ ወገን ኒኮላስ ቲንዳል የቶርንተንን የሰዓት ማስረጃ በመልሳቸው ውስጥ አስገቡ። የአሽፎርድ ወገን ይህ መልስ እውነት ቢሆን እንኳ በሕግ ረገድ በቂ አይደለም ብሎ ተቃወመ። በዚህ ተቃውሞ ምክንያት ችሎቱ ሁለቱንም የፍሬ ነገር ዝርዝር አስተያይቶ፣ የተከሳሹ ጥፋት «ለመካድ የማይቻል» ነውን? የሚለውን ጭብጥ ብቻ መወሰን ነበረበት።

ኤፕሪል 16 ቀን 1818 ኤለንቦሮ፣ ቤይሊ፣ አቦትና ሆልሮይድ በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ ሆልሮይድ በዋሪክ የመጀመሪያውን ክስ የመሩት ራሳቸው ናቸው። የተቆጠረው ሁሉ ጥርጣሬን ያጠነክር ይሆናል እንጂ የተከሳሹን አፍ የሚዘጋ አይደለም ተባለ፤ የሰዓቱ ማስረጃ አብሮ ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ይዳከማል። ኤለንቦሮ ሲደመድሙ፣ ይህን የፍርድ መንገድ የሚያስጠላ በቂ ምክንያት ቢኖርም የአገሩ አጠቃላይ ሕግ ለፍልሚያ የሚያደላ መሆኑን፣ የዳኞች ግዴታም ሕጉን እንደሚመኙት ሳይሆን እንዳለ መናገር መሆኑን ገለጹ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 20፣ ባለ ደሙ ለፍልሚያ እንደማይቀርብ ታወቀና ክሱ ተቋረጠ። በዚያኑ ጊዜ አንድ ትንሽ ሥርዓት ተፈጸመ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም፣ ለእኔ ግን የጉዳዩን ውስጥ የሚያሳየው እርሱ ነው። ባለ ደሙ በተወው ክስ ንጉሡ በቦታው ሊተካ ስለሚችል፣ ቶርንተን በንጉሡ ስም እንደገና መልስ ስጥ ተባለ። እርሱም በዋሪክ በነጻ መሰናበቱን ጠቅሶ ተከራከረ፤ ችሎቱም ተቀብሎ ለቀቀው። በባለ ደሙ ላይ ምንም ያልፈየደው ያው ውሳኔ በንጉሡ ላይ ሙሉ ጋሻ ሆነ፤ ልዩነቱን ያመጣው የ1487ቷ ሐረግ ናት።

ድንጋጌው

ባለ ደም ክስን ለመሻር ቀደም ብሎም ተሞክሯል። በ1774 ለማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት በተዘጋጀ ረቂቅ ሕግ ውስጥ ይህን ክስ እዚያ ለማስቀረት ሲታሰብ፣ ጆን ደኒንግን የመሰሉ የፓርላማ አባላት የሕገ መንግሥቱ ምሰሶ ነው ብለው ተሟገቱለት፤ ሐሳቡም ቀረ። የሙግታቸው ፍሬ ነገር ቀላል አልነበረም። ወታደር ወይም የመንግሥት ሹም ሰው ቢገድልና ንጉሡ ቢምረው፣ የሟች ቤተ ሰብ ንጉሡን ሳይለምን ፍትሕ የሚያገኝበት ብቸኛ መንገድ ይህ ነበር።

ከቶርንተን በኋላ ግን የሚሟገትለት ሰው ጥቂት ሆነ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሳሙኤል ሼፐርድ ያቀረቡት ረቂቅ በጁን 22 ቀን 1819 ሕግ ሆኖ ጸደቀ፤ ጆርጅ ሦስተኛ በነገሡ በ59ኛው ዓመት የወጣ ምዕራፍ 46 ተብሎ ይታወቃል። መግቢያው የግለሰብ የወንጀል ክሶች ጨቋኝ ሆነው መገኘታቸውን፣ ፍልሚያም ለየትኛውም ክርክር የማይገባ የፍርድ መንገድ መሆኑን ይናገራል፤ ዋናው አንቀጽ በነፍስ ግድያ፣ በአገር ክህደትና በሌሎች ከባድ ወንጀሎች የሚቀርበውን የግለሰብ «አፒል» ይሽራል፤ በመሬት ክርክር የነበረውንም ፍልሚያ ጭምር ያስቀራል። ፓርላማው የቸኮለው ዱላውን ከሕግ መጽሐፍ ለማውጣት ነበር፤ ደኒንግ ያነሡት ጥያቄ፣ ማለትም መንግሥት ራሱ ዝም ሲል ባለ ደሙ ወዴት ይሂድ የሚለው፣ በዚያው ሕግ መልስ ሳያገኝ አብሮ ተሻረ። ሁለቱ ነገሮች ተነጣጥለው መታየት ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ።

ሎርድ ኤለንቦሮ ሕጉ ሲወጣ አላዩም፤ በዲሴምበር 1818 ሞተዋል። ቶርንተን በአገሩ መኖር ስላልቻለ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ዊልያም አሽፎርድ እስከ 1867 በርሚንግሃም ውስጥ ኖረ። በሜሪ ሞት ጥፋተኛ የተባለ ሰው የለም።

በነጻ የተለቀቀ ሰው ዳግም የሚከሰስበት በር በእንግሊዝ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ተዘግቶ ቆየ። በ2003 የወጣው የወንጀል ፍትሕ አዋጅ ለከባድ ወንጀሎች፣ አዲስና አሳማኝ ማስረጃ ሲገኝ፣ በሩን እንደገና ከፈተው፤ ይህን እንዲጠይቅ ሥልጣን የተሰጠው ግን ለዐቃቤ ሕግ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ያንኑ «አፒል» የሚል ቃል የያዘው የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው።